ዊልያም ሃይድ ዎላስተን፤ ሕክምናን የተወው ሐኪምና ለሕክምና የዋለው ብረቱ

የሰውን ልጅ ከደዌ ለማዳን ስለ ደከሙ ሰዎች በተነገረ ቁጥር ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የቆመው ሐኪም ነው። እርሱን ማክበራችን የተገባ ነው። ነገር ግን ከበሽተኛው አልጋ ርቆ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ብልቃጥና እሳት ይዞ የሚደክም ሰውም ለሕክምና ትልቅ ሀብት ትቶ ሊያልፍ እንደሚችል ብዙዎቻችን አናስተውልም። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ የዊልያም ሃይድ ዎላስተንን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ዎላስተን የእንግሊዝ አገር ሰው ነው። የሕክምና ትምህርት ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ በ34 ዓመቱ ሕክምናን ተወ፤ ከተወም በኋላ ፓላዲየም የተባለውን ብረት አገኘ። ይህም ብረት እርሱ ከሞተ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ካንሰር ሐኪሞች እጅ ገባ።

እኛ ተማሪዎች ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን በፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያገኘ ሁሉ ሐኪም እንዲሆን ወላጅም ጎረቤትም ይመኝለታል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ሐኪም ለሚያስፈልገው ሕዝብ የተገባም ነው። ዳሩ ግን ልቡ ወደ ሌላ ዕውቀት የሚያዘነብል ልጅ ወላጆቹንና አገሩን የበደለ እየመሰለው ይጨነቃል። የዎላስተን ሕይወት ለዚህ ጭንቀት መልስ የሚሆን ነገር አለው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንወዳለን።

ልደቱና ትምህርቱ

ዎላስተን ኦገስት 6 ቀን 1766 በኖርፎክ አውራጃ ኢስት ዲርሃም በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍራንሲስ ዎላስተን ቄስ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎታቸው በተረፈው ጊዜ ከዋክብትን ይመረምሩ ነበር። ልጆቻቸው ብዙ ነበሩ፤ ቤቱም መጽሐፍና መሣሪያ የማይጠፋበት፣ ስለ ተፈጥሮ ጥያቄ መጠየቅ እንደ ነውር የማይቈጠርበት ቤት ነበረ። የአባቱን እኅት ያገባው ዊልያም ሄበርደን ደግሞ በዘመኑ ስመ ጥር ሐኪም ነበር፤ ከልብ የሚመጣውን የደረት ሕመም ምልክት በሚገባ ለይቶ የጻፈው እርሱ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ዎላስተን ወደ ሕክምና ትምህርት መግባቱ ለቤተ ዘመዱ የሚጠበቅ ነገር ነበረ።

በቻርተርሃውስ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1782 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪዝ ኮሌጅ ገባ። በዚያም ከሕክምናው ትምህርት ጎን ለጎን ኬሚስትሪን አጥብቆ ወደደ። በኋላ ዘመን የሥራ ባልንጀራው የሆነውን ስሚትሰን ቴናንትንም ያወቀው በካምብሪጅ ነው። በ1793 የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር አባል አድርጎ መረጠው።

ለጥቂት ጊዜ በሃንቲንግደን፣ ቀጥሎም በበሪ ሴንት ኤድመንድስ ከተማ ሕሙማንን ሲያክም ቆይቶ በ1797 ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚሁ ዓመት ለማኅበሩ ያቀረበው ጽሑፍ የሐኪሙንና የኬሚስቱን ዕውቀት አንድ ላይ ያጣመረ ነበር። በሪህ ሕመምተኞች መገጣጠሚያ ላይ የሚያብጠው ነጭ ጠጠር ከዩሪክ አሲድና ከሶዳ የተሠራ መሆኑን መርምሮ አሳየ፤ በሽንት ፊኛ ውስጥ የሚገኙትንም ጠጠሮች በየዓይነታቸው ለየ። ከዚያ በፊት ጠጠር ሁሉ አንድ ይመስላቸው የነበሩ ሐኪሞች፣ እያንዳንዱ ከተለየ ነገር የተሠራ መሆኑን ከዚህ ጽሑፍ ተማሩ።

ሕክምናን መተዉ

በዚያ ዘመን የነበረው ሕክምና ዛሬ እኛ የምናውቀው አልነበረም። ሕመምን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ገና አልተገኘም፤ በሽታን የሚያመጡ ተሐዋስያንም አልታወቁም ነበር። ሐኪሙ ደም ያፈስሳል፣ የሚያስመልስ መድኃኒት ያጠጣል፣ ባዜቃ ያዝዛል፤ በሽተኛው ቢድን በምን እንደ ዳነ፣ ቢሞትም በምን እንደ ሞተ በእርግጥ ሊናገር አይችልም። ብዙዎች ሐኪሞች ይህን ለምደው ይኖሩ ነበር። ዎላስተን ግን ሊለምደው አልቻለም። የበሽተኞቹ ነገር እቤቱ ድረስ ይከተለዋል፤ ያዘዘው መድኃኒት ጠቅሞ ወይም ጎድቶ እንደ ሆነ እያሰበ እጅግ ይጨነቃል። ጭንቀቱም ከዓመት ወደ ዓመት ባሰበት እንጂ አልቀነሰም።

ስለዚህ በ1800 ሐኪምነቱን ፈጽሞ ተወ። ከቤተ ዘመዱ ወገን ያገኘው ገንዘብ ስለ ነበረው ለጊዜው የሚተዳደርበት አላጣም። ነገር ግን ረጅም ዘመን የተማረውን ሙያ፣ ስሙም የታወቀበትን ሥራ በጎልማሳነት ዕድሜ ትቶ እንደ አዲስ መጀመር ለማንም ሰው ቀላል አይደለም። የተወውም ከስንፍና የተነሣ እንዳልነበረ ቀጥሎ የሠራው ሥራ ይመሰክርለታል።

ከፕላቲኒየም አሸዋ የተገኘው አዲስ ብረት

በ1800 ዓመት መጨረሻ ዎላስተንና ቴናንት ገንዘባቸውን አዋጥተው ወደ 6,000 አውንስ የሚደርስ፣ በኪሎ ሲመዘን 185 ያህል የሚሆን የፕላቲኒየም አሸዋ በ795 ፓውንድ ገዙ። አሸዋው የመጣው ያን ጊዜ በእስፓኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ከዛሬይቱ ኮሎምቢያ ነው። የእስፓኝ መንግሥት ከአገር እንዳይወጣ ስለ ከለከለው ነጋዴዎች በስውር በጃማይካ በኩል ያሳልፉት ነበር። ይህን የመሰለ የፕላቲኒየም አሸዋ በአገራችንም በወለጋ፣ ዩብዶ በተባለው ስፍራ የሚገኝ ሲሆን በሃያኛው መቶ ዓመት ሲወጣ ነበር።

ፕላቲኒየም እንደ ወርቅ የማይዝግ ብረት ነው፤ ነገር ግን የሚቀልጠው 1,768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለ ሆነ በዚያ ዘመን የነበረ ማንኛውም ምድጃ ሊያቀልጠው አልቻለም። ዎላስተን ሌላ መንገድ ፈለገ። አሸዋውን ናይትሪክ አሲድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተደባልቀው በሚገኙበት ኃይለኛ ፈሳሽ ውስጥ አሟሟው፤ በላዩም አሞኒየም ክሎራይድ በጨመረ ጊዜ ፕላቲኒየሙ ቢጫ ዝቃጭ ሆኖ ወደ ታች ወረደ። ዝቃጩን አጥቦና አግሎ የፕላቲኒየም ዱቄት አገኘ፤ ዱቄቱንም በኃይል ጨምቆ፣ እንደ ገና አግሎና ቀጥቅጦ እንደ ልብ የሚሳብ ጠንካራ ብረት አደረገው። የሙሉ ሥራው አካሄድ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

ለእኛ ታሪክ የሚበልጠው ግን ከዝቃጩ በላይ የቀረው ፈሳሽ ነው። ፕላቲኒየሙ ከወረደ በኋላ የቀረውን ፈሳሽ ሌላ ሰው ቢሆን እንደ እጣቢ ይደፋው ነበር። ዎላስተን ግን ቀለሙን ተመለከተና በውስጡ ያልታወቀ ነገር እንዳለ ጠረጠረ። ፈሳሹን በመላልሶ መረመረው፤ በ1802 በጋ ከዚያ ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ማንም ያላወቀው ነጭ ብረት አወጣ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ኦልበርስ የተባለ ጀርመናዊ ፓላስ የተባለችውን ትንሽ ፈለክ አግኝቶ ስለ ነበር፣ ዎላስተንም ለብረቱ ከእርስዋ ስም ወስዶ ፓላዲየም የሚል ስም አወጣለት።

ከዚያው አሸዋ ዎላስተን ሮዲየም የተባለውን ሌላ ብረት አግኝቶ በ1804 አስታወቀ። ባልንጀራው ቴናንት ደግሞ በፈሳሹ ሳይሟሟ ከሥር ከቀረው ጥቁር ዱቄት ኦስሚየምንና ኢሪዲየምን አገኘ። እንግዲህ አንዱ ከላይ ከቀረው ፈሳሽ፣ ሁለተኛው ከሥር ከቀረው ዱቄት፣ ሁለቱም ሌላው ከሚጥለው ነገር አራት አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን ለዓለም ሰጡ።

ስለ ፓላዲየም የተነሣው ክርክር

ዎላስተን ፓላዲየምን ያስታወቀበት መንገድ ከሊቃውንት ልማድ የተለየ ነበረ። የፕላቲኒየሙ ሥራ ምሥጢር ተወዳዳሪ ነጋዴዎች እጅ እንዳይገባ ይጠነቀቅ ስለ ነበር፣ ማን እንዳገኘውና ከምን እንደ ተገኘ ሳይገልጥ በኤፕሪል 1803 ስም የሌለበት በራሪ ወረቀት አሳትሞ በተነ። ወረቀቱም የአዲሱን ብረት ጠባይ ዘርዝሮ፣ ሎንዶን በሶሆ ሠፈር በጄራርድ መንገድ 26 ቁጥር በሚገኝ ሱቅ በአምስት ሺሊንግ፣ በግማሽ ጊኒና በአንድ ጊኒ ዋጋ እንደሚሸጥ ይናገር ነበር።

ሪቻርድ ቼኔቪክስ የተባለ የአየርላንድ ኬሚስት ይህን ባየ ጊዜ ማታለል መስሎት ተቈጣ። ያልታወቀ ሰው አዲስ ንጥረ ነገር በሱቅ ሲሸጥ ማን አይቶ ያውቃል? ሄዶ በሱቁ የነበረውን ብረት ገዝቶ ለብዙ ቀን መረመረው፤ ከዚያም በሜይ 1803 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ብረቱ አዲስ ሳይሆን የፕላቲኒየምና የባዜቃ ቅይጥ ነው ብሎ ፈረደ። ማኅበሩም በዚያው ዓመት ኮፕሊ የተባለውን ከፍተኛ ሜዳይ ለቼኔቪክስ ሰጠው።

ዎላስተን ብረቱ ቅይጥ አለመሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን አልተቈጣም፤ ስሙንም ገና አልገለጠም። ይልቁንም በዚያው ዓመት በዲሴምበር አንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ያለ ስም ማስታወቂያ አወጣ። ማንም ሰው በምስክሮች ፊት ፕላቲኒየምና ባዜቃን ወይም ሌላ የታወቀ ብረትን ቀላቅሎ 20 ግሬን ማለት 1.3 ግራም ያህል ፓላዲየም ለመሥራት ቢችል 20 ፓውንድ ሽልማት እንደሚቀበል ገለጠ። ገንዘቡም ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ብዙዎች ሞከሩ፤ የቼኔቪክስን ሥራ ሊደግም የቻለ ግን አልተገኘም፤ ሽልማቱንም የወሰደ የለም።

በመጨረሻ በ1805 ዎላስተን ብረቱን ያገኘው እርሱ መሆኑን በግልጥ አስታወቀ፤ ከፕላቲኒየም አሸዋ እንዴት እንደሚወጣም ለሮያል ሶሳይቲ በጽሑፍ አቀረበ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። የቼኔቪክስ ስም ከዚህ የተነሣ ተጎዳ። ዎላስተንም ነቀፌታ አላመለጠም፤ በማኅበሩ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሰዎች በዕውቀት ጉዳይ መሸሸጉን አልወደዱለትም። እኛም ነቀፌታው ፈጽሞ ከንቱ ነው ብለን ለመናገር አንደፍርም፤ ገና ከጅምሩ ስሙን ቢገልጥ ኖሮ ባልንጀራው ሊቅ በሕዝብ ፊት ባላፈረ ነበር። ሽልማቱን ማውጣቱ ግን መልካም ትምህርት ይሰጣል። ሐሰት ነው ላሉት ሰዎች ክርክር አላበዛም፤ ፈትኑት አላቸው እንጂ።

ሌሎች ሥራዎቹ

የዎላስተን ሥራ በፓላዲየም ብቻ አልተወሰነም። በ1801 ሐርና መስተዋት በማሸት የሚገኘው ኤሌክትሪክና ከቮልታ ባትሪ የሚገኘው ኤሌክትሪክ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አሳየ። በ1802 የፀሐይን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ በመስተዋት በበተነው ጊዜ በቀለማቱ መካከል ጥቁር መስመሮች አየ፤ ከዋክብት ከምን እንደ ተሠሩ የዛሬ ሊቃውንት የሚያነቡት እንዲህ ባሉ መስመሮች ነው። በ1806 ሥዕል ለሚነድፉ ሰዎች የሚረዳውን ካሜራ ሉሲዳ የተባለ መሣሪያ አወጣ፤ በ1809 የማዕድናትን ማዕዘን በብርሃን ነጸብራቅ የሚለካ መሣሪያ ሠራ።

ሕክምናንም ቢተው የሕሙማን ነገር ከልቡ አልጠፋም። በ1810 ከሰው ሽንት ፊኛ የወጣ ያልተለመደ ጠጠር መርምሮ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ነገር አገኘበት። ይህም ዛሬ ሲስቲን የምንለው ነው፤ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ወገን ቀድመው ከታወቁት አንዱ ነው። ሲስቲን በሽንት ውስጥ እየበዛ ጠጠር የሚሆንበት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ ዛሬም በሐኪሞች ዘንድ በዚሁ ስም ይጠራል።

የሥራ ክፍሉ እጅግ ትንሽ እንደ ነበረች ይነገራል። አንድ የውጭ አገር ሊቅ የታወቀውን ቤተ ሙከራ ሊያይ በመጣ ጊዜ፣ ጥቂት የሰዓት መስተዋቶችና የመመርመሪያ ወረቀቶች፣ አንዲት ትንሽ ሚዛንና የእሳት መንፊያ ቱቦ የተደረደሩበት ትሪ አስመጥቶ ቤተ ሙከራው ይኸው መሆኑን እንዳሳየው የሚተረክ ታሪክ አለ። ዕቃ ስላነሰን መማር አልቻልንም ለምንል ተማሪዎች ይህ የሚያስተዛዝብ ነው።

በ1820 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ባንክስ ሲሞት ዎላስተን ለጥቂት ወራት በቦታው ተተካ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሹመቱ ለመወዳደር ስላልፈለገ ቦታው ለሃምፍሪ ዴቪ ሆነ።

የመጨረሻ ዘመኑ

ዎላስተን በዕድሜው ሁለት ጊዜ የሚያየው ነገር ግማሹ ብቻ እየታየው ግማሹ ጠፍቶበት ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ በተቀመጠ ነበር፤ እርሱ ግን ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ወገን ማጣታቸውን አስተውሎ፣ ከእያንዳንዱ ዓይን የሚወጣው ጅማት ከአንጎል ሳይደርስ ግማሹ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ የሚከፈል መሆን አለበት ብሎ በ1824 ጻፈ። ነገሩም እውነት ሆኖ ተገኘ።

በ1828 መጨረሻ ሕመሙ ጸናበት። ሐኪም የነበረ ሰው ስለ ሆነ ሞቱ እንደ ቀረበ ዐወቀ። እጁ መጻፍ ሲያቅተው ያልታተሙትን ሥራዎቹን በቃሉ እየነገረ አስጻፈ፤ ለብዙ ዓመት ሸሽጎት የኖረውን የፕላቲኒየም ሥራ ምሥጢርም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለሮያል ሶሳይቲ ገልጦ ሰጠ። ለሊቃውንቱ ማኅበር ለምርምር መርጃ 2,000 ፓውንድ፣ ለጂኦሎጂ ማኅበር ደግሞ 1,000 ፓውንድ አበረከተ። ዲሴምበር 22 ቀን 1828 በ62 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ በተመረመረ ጊዜ በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልተወም። የጂኦሎጂ ማኅበሩ በስሙ የሚሰጠው ሜዳይ ግን ዛሬ የሚሠራው እርሱ ካገኘው ከፓላዲየም ነው።

ብረቱ ወደ ሕክምና መመለሱ

በዎላስተን ዘመን ፕላቲኒየም ብዙ ገዢ ነበረው፤ ፓላዲየም ግን የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ የጥርስ ሐኪሞች ከወርቅና ከብር ጋር እየቀየጡ ለጥርስ መሸፈኛ አዋሉት። ብረቱ አይዝግም፤ አንዳንድ ሰዎችን ግን፣ በተለይ ኒኬል የማይስማማቸውን፣ ሊያሳክካቸው ይችላል።

ትልቁ ተስፋ የመጣው ከዘመዱ ከፕላቲኒየም በኩል ነው። በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በባክቴሪያ ላይ የኤሌክትሪክን ኃይል ሲፈትን፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ትተው እንደ ክር ሲረዝሙ አየ። ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲኒየም ሽቦዎቹ ሟሙቶ የገባ ውሁድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ውሁድ ሲስፕላቲን ይባላል፤ በ1978 በአሜሪካ ለካንሰር መድኃኒትነት ተፈቀደ፤ በተለይ በወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር የተያዙ ብዙ ሰዎችን አድኗል።

በሲስፕላቲን ውስጥ የፕላቲኒየሙ አቶም በመካከል ሆኖ አራት ነገሮች በአራት ማዕዘን ዙሪያውን ይዘውታል። ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ውሁድ ኮምፕሌክስ ይሉታል። መድኃኒቱ ወደ ሴል ከገባ በኋላ ሁለቱ ይለቁትና ፕላቲኒየሙ በሴሉ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ይጣበቃል፤ ሴሉም መባዛት አቅቶት ይሞታል። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ፓላዲየም የሚገኘው ከፕላቲኒየም ልክ በላይ ነው፤ ውሁዱም እንደዚያው አራት ማዕዘን ነው። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ፓላዲየምም እንዲሁ ይሠራል ብለው ተስፋ አደረጉ።

ነገር ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። ፓላዲየም ዙሪያውን የያዙትን ነገሮች የሚለውጥበት ፍጥነት ከፕላቲኒየም 100,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ነገሩን በምሳሌ ብናስረዳ፣ ፕላቲኒየም የታሸገ ደብዳቤ ተቀብሎ ሳይከፍት እስከ ባለቤቱ ቤት የሚያደርስ መልእክተኛ ይመስላል፤ ፓላዲየም ግን ገና በመንገድ ላይ ለተገናኘው ሁሉ ደብዳቤውን የሚከፍት ነው። በደም ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ይያያዝና ወደ ካንሰሩ ሳይደርስ ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ ኬሚስቶች አቶሙን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ ክንድ ጥብቅ አድርገው የሚይዙ ሞለኪውሎች እያዘጋጁ ፍጥነቱን ለመግታት ሲደክሙ ቆይተዋል። እንዲህ ከተሠሩት ውሁዶች ብዙዎቹ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሴሎችን ቢገድሉም ለሕሙማን መድኃኒት ለመሆን አልበቁም። በብልቃጥ ውስጥ ሴል መግደልና ሰውን ማዳን አንድ አይደሉምና።

አንዱ ግን ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሕሙማን ዘንድ ደረሰ። በእስራኤል አገር በቫይዝማን ተቋም አቪግዶር ሸርትስና ዮራም ሰሎሞን የተባሉ ሊቃውንት፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የፀሐይን ብርሃን የሚቀበሉበትን እንደ ቅጠል አረንጓዴ ያለ ቀለም ወስደው በመካከሉ ያለውን ማግኒዥየም በፓላዲየም ተኩ። ከዚህ ሥራ የተገኘው መድኃኒት ፓዴሊፖርፊን ይባላል። በደም ሥር ይሰጣል፤ ከዚያም በፕሮስቴት ዕጢ ውስጥ በገቡ ቀጫጭን ክሮች 753 ናኖ ሜትር የሆነ የሌዘር ብርሃን ለ22 ደቂቃ ያህል ይበራል። ብርሃኑ ያረፈበት ፓላዲየም የያዘ ውሁድ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አጥቂ ያደርገዋል፤ ካንሰሩን የሚመግቡት የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ብርሃን ባልደረሰበት የሰውነት ክፍል መድኃኒቱ ሥራ ሳይሠራ ይወጣል።

ይህ መድኃኒት በአውሮፓ በ413 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት ከመቶው 49 በምርመራ ካንሰር አልተገኘባቸውም፤ እየተጠበቁ ብቻ ከቆዩት ግን 14 ነበሩ። በ2017 የአውሮፓ ኅብረት በፕሮስቴት ውስጥ ላለና ቀስ ብሎ ለሚያድግ ካንሰር እንዲውል ፈቀደ። በ2020 ግን የአሜሪካ መንግሥት አማካሪዎች ጥቅሙ ከጉዳቱ መብለጡ በቂ ማስረጃ አላገኘም ብለው አብዛኞቹ ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። እንዲህ ያለው ካንሰር ቶሎ የማይገድል ስለ ሆነ፣ ሳይነኩ መጠበቅ ይሻላል ወይስ ማከም የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ፓላዲየም በሌላም መንገድ ያገለግላል። ፓላዲየም 103 የተባለው ጨረር ሰጪ ዓይነቱ የሩዝ ፍሬ በምታህል የቲታኒየም ቅርፊት ውስጥ ተከቶ በፕሮስቴት ካንሰር ላይ ይተከላል፤ ኃይሉም በየ17 ቀኑ እየተከፈለ ይጠፋል። በመድኃኒት ፋብሪካዎች ደግሞ ካርቦንን ከካርቦን ጋር ለማያያዝ እንደ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሥራን እንደሚያፋጥን ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ ስለዚህ ሥራ ሄክ፣ ኔጊሺና ሱዙኪ በ2010 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለሕሙማን ከመድረሱ በፊት ግን ብረቱ ከመድኃኒቱ ተጣርቶ መውጣት አለበት፤ በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት ውስጥ በቀን ከ100 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ዓለም አቀፍ ደንብ ተወስኗል።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

እንግዲህ ዎላስተን ያዘዘው መድኃኒት ጠቅሞ ወይም ጎድቶ እንደ ሆነ ባለማወቁ ተጨንቆ ሕክምናን ተወ። ዛሬ በእርሱ ብረት የሚሠራ መድኃኒት ሁሉ በብዙ ሰዎች ላይ ተፈትኖ፣ ተቈጥሮና ተከራክረውበት ካልሆነ በቀር አይፈቀድም። እርሱ በ20 ፓውንድ ሽልማት ቼኔቪክስን እንደ ፈተነው ሁሉ፣ የዛሬ ሐኪሞችም መድኃኒቱን አድናለሁ በሚለው ሰው ቃል ሳይሆን በፈተና ይመዝኑታል። ፓላዲየም ካንሰርን ሁሉ ያድናል ብሎ የሚናገር ቢኖር ማስረጃውን ልንጠይቀው ይገባናል።

ለወላጆቻችንም በአክብሮት የምናቀርበው ቃል አለን። ልጅ ሐኪም ቢሆን ደስ ይበላችሁ፤ ወደ ኬሚስትሪ፣ ወደ ማዕድን ጥናት ወይም ወደ ሌላ ዕውቀት ቢያዘነብል ግን የጠፋ አይምሰላችሁ። ዎላስተን ሐኪም ሆኖ ቢቀር ኖሮ የሎንዶንን ጥቂት በሽተኞች ባከመ ነበር፤ ፓላዲየሙ ግን እርሱ ስማቸውን ሊያውቅ ወደማይችል ብዙ ሕሙማን ደርሷል። ለእኛም ለተማሪዎች የሚቀርልን ይህ ነው፤ በተሰጠን ሥራ ላይ በትዕግሥት መቀመጥ፣ ሌላው እንደ እጣቢ የሚደፋውንም ነገር ከመድፋታችን በፊት ቀለሙን መመልከት።

በዓሉን የደስታ በዓል ያድርግልን፤ ትምህርት ቤታችንም እንዲህ ያሉ ትጉሃንን የሚያፈራ ይሁን።